መጀመሪያ ወለሉ ላይ ተቀመጪ፦ የልጆችን መኝታ ክፍል በራስ እጅ ስለማስዋብ

እህቴ፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅሽና የሁለት ዓመት ወንድ ልጅሽ የሚጋሩትን ጠባብ መኝታ ክፍል ባለሙያ ሳትቀጥሪ ራስሽ ማስዋብ እንደምትፈልጊ፣ ግድግዳው በክራዮንና በማርከር እንደተሞነጫጨረ፣ ከየት መጀመር እንዳለብሽም ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። የልጆቼን ክፍል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ቀለም የቀባሁትም፣ መደርደሪያውን የሰቀልሁትም እኔው ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

ቀለም ለመግዛት አትቸኩዪ። መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ገብተሽ ወለሉ ላይ ተቀመጪና ዙሪያውን በእርጋታ ተመልከቺ። የሁለት ዓመት ልጅ ቁመቱ በአማካይ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ 110 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ቆመን በዐይናችን ልክ የምንሰቅለው ሥዕል ለእነርሱ ከአናታቸው በላይ የራቀ ነገር ነው። የልጆች ኑሮ ያለው በግድግዳው የታችኛው አንድ ሜትር ላይ ነው፤ ጌጡም፣ መጽሐፉም፣ የልብስ መስቀያውም ወደዚያ መውረድ አለበት። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ሮም ውስጥ ሥራ በጀመረችው የሕፃናት ቤት ልጆች ራሳቸው አንሥተው የሚያዛውሯቸው ቀላል ወንበሮችና እጃቸው የሚደርስባቸው ዝቅ ያሉ መደርደሪያዎች እንዲኖሩ አድርጋ ነበር። ይህ ሐሳብ ለመኝታ ክፍልም ከማንኛውም ውድ ጌጥ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ለራስሽ አንድ ነገር ወስኚ፦ ግድግዳው ጸጥ ያለ ይሁን፤ የሚለዋወጠው ጌጥ ሁሉ ተነሥቶ በሚቀየር ነገር ላይ ይዋል። ዛሬ ዳይኖሰር ካልሆነ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ጠፈር እንጂ ስለ ሌላ መስማት አይፈልግም። ስለዚህ ልጅሽ የምትወደውን እንስሳ በግድግዳው ላይ ከመሣል ይልቅ በስስ ጣውላ፣ በወፍራም ካርቶን ወይም በጨርቅ ላይ ሥሪላት። ሲሰለቻት ይወርዳል፤ ግድግዳው ግን እንዳለ ይቀራል። አልጋውም፣ መጋረጃውም፣ ምንጣፉም አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ የተሣለበት ክፍል አልወድም። ለልጁ ራሱ የሚጨምርበት ቦታ አይተውለትም።

አሁን ወደ ቀለሙ። የክራዮን ሰም ባለበት ላይ ቀለም በደንብ አይይዝም፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰሽ ቀስ እያልሽ ፈትጊው፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ጠርገሽ አድርቂ። ማርከር ከዚህ ይከፋል፤ በላዩ ሁለት ሦስት ጊዜ ብትቀቢም ቀለሙ ዘልቆ ይወጣል። ለእርሱ መፍትሔው እድፍ የሚያፍን ፕራይመር፣ ማለትም ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም፣ ቀድሞ መቀባት ነው። ቀዳዳና ስንጥቅ ካለ በስቱኮ ድፈኝ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። ለዋናው ቀለም በውሃ የሚቀጥነውንና ሽታው አነስተኛ የሆነውን ምረጪ። ፈጽሞ የማያብረቀርቅ ቀለም ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን የእጅ አሻራ ይይዛል፣ ሲፈተግም ይላጣል። ቢያንስ የታችኛው ክፍል በመጠኑ የሚያብረቀርቅ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ ይሁን።

ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ እኔ ብሆን የላይኛውን ግድግዳና ጣሪያውን በነጣ ያለ ቀለም፣ የታችኛውን አንድ ሜትር ደግሞ ጠቆር ባለ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ እቀባዋለሁ። ብርሃኑ ከላይ ይመለሳል፤ የእጅና የጫማ እድፍ ከታች አይጎላም። በሁለቱ ቀለሞች መካከል ያለው መስመር ጥርት ብሎ እንዲወጣ የወረቀት ፕላስተር በቀጥታ ለጥፊ፤ ጠርዙን በጣትሽ ተጫኚው። ቀጥሎ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ መጀመሪያ ቀድሞ የነበረውን የላይኛውን ቀለም በስሱ አሳልፊበት። ወደ ውስጥ የሚሰርገው ያው ቀለም ስለሚሆን ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ሌላውን ቀለም ከዚያ በኋላ ትቀቢያለሽ። ፕላስተሩን የመጨረሻው ቀለም ጨርሶ ሳይደርቅ በሰያፍ እየሳብሽ አንሺው። ብዙዎች የሚዘሉት ይህ ነው፤ ውበቱ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው።

ቤቱ አሮጌ ከሆነና ቀለሙ ተደራርቦ የሚላጥ ከሆነ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጊው እለምንሻለሁ። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እንኳን ለመኖሪያ ቤት ቀለም መጠቀሙን የከለከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ነው። አቧራው ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አእምሮ ክፉኛ ይጎዳል። ከተጠራጠርሽ መጀመሪያ እንዲመረመር አድርጊ።

ልጆች ግድግዳ ላይ መጻፋቸውን አይተዉም፤ እኔም እንዲተዉ አልፈልግም። የሚፈቀድበትን ቦታ ስጪያቸው። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ያለውን አንዱን ጥግ በጥቁር ሰሌዳ ቀለም ሁለት ጊዜ ቅቢ፤ ሦስት ቀን ያህል ይድረቅ። ከመጻፋቸው በፊት ጠመኔውን በጎኑ አስተኝተሽ ሰሌዳውን በሙሉ አልብሺውና በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ሥዕል ጥላ ሳይለቅ ይቀራል። ከልጆችሽ አንዱ የመተንፈሻ ችግር ካለበት የጠመኔ አቧራ አይስማማውም፤ በምትኩ ጥቅል ወረቀት በእንጨት ላይ አድርገሽ ዝቅ አድርጊና ስቀይላቸው፤ እየተረተረ ይሣልበት።

በጨርቅ የሚሠራው ሥራ ከሁሉ ይቀላል፤ ልጅሽንም አብራሽ እንድትሠራ ያደርጋታል። ስፖንጅ በኮከብና በቅጠል ቅርጽ ቁረጪላት፤ የጨርቅ ቀለም እየነከረች አንድ ነጭ አንሶላ ላይ ታትምበት። ያ አንሶላ መጋረጃ ይሆናል፣ የአልጋ ልብስ ይሆናል። የሣለቻቸውን ሥዕሎች ደግሞ በካርቶን ክፈፍ አድርገሽ በዐይኗ ልክ አስቀምጪ። ቁመታቸውን የምትለኪበትን መስመርም በግድግዳው ላይ ሳይሆን በረጅም ጣውላ ላይ አድርጊው፤ ቤት ብትለውጡ አብሯችሁ ይሄዳል።

ሁለት ልጆች አንድ ክፍል ሲጋሩ ጠቡ የሚነሣው “ይህ የእኔ ነው” ከሚለው ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው አልጋቸው አጠገብ አንድ አንድ የራሳቸው ጥግ ይኑራቸው፤ የታችኛው ቀለም አንድ ሆኖ ትራሳቸው፣ ሣጥናቸውና መስቀያቸው በቀለም ይለይ። ቀለሙን ልጅሽ ትምረጥ፤ አንቺ አስቀድመሽ ከተስማማሽባቸው ሁለት ሦስት ቀለሞች ውስጥ ግን። ለታናሹ የመጫወቻ ሣጥኖች ላይ የውስጡን ነገር የሚያሳይ ሥዕል ለጥፊ፤ ሳያነብ መመለስ ይችላል። መጻሕፍትን ጀርባቸውን ሳይሆን ሽፋናቸውን በሚያሳይ ጠባብ መደርደሪያ ደርድሪ። ልጅ የሚያነሣው ፊቱን ያየውን መጽሐፍ ነው።

ለማታ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል ተጠቀሚ። የሚያብለጨልጩ የመብራት ሐረጎች ከገዛሽ የባትሪ ቤታቸው በብሎን የሚዘጋ መሆኑን አረጋግጪ። እንደ ሳንቲም ያለችው ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች።

ስለ ደኅንነት የሚከተለውን ሳታደርጊ ሌላውን ጌጥ አትጀምሪ። ቁም ሳጥኑንና ባለመሳቢያውን ዕቃ ሁሉ በብረት ከግድግዳው ጋር እሰሪ፤ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ከአልጋ ራስጌ በላይ መደርደሪያም ሆነ በመስተዋት የተከፈፈ ሥዕል አይሰቀል። የመጋረጃ ገመድ እንዳይንጠለጠል፤ አልጋውም ከመስኮት ይራቅ። ቦታ ለመቆጠብ ተደራራቢ አልጋ አስበሽ ከሆነ ልጅሽ ስድስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ከላይ አትተኛ።

ሥራውን ስትጀምሪ ጠዋት ጀምሪ፤ መስኮቱን ክፈቺ፤ ሽታው እስኪጠፋ ልጆቹ ሌላ ክፍል ይተኙ። ተለጣፊ ሥዕል የምትጠቀሚ ከሆነ አዲሱ ቀለም እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት፣ በሩና መስኮቱ ያሉበትን ቦታ ለክተሽ ብትጽፊልኝ ሁለቱን አልጋዎች እንዴት ብታስቀምጪ መጫወቻ ቦታ እንደሚተርፍሽ ሥዬ እልክልሻለሁ።