«ኮላተራል ዳሜጅ» ልበል ወይስ ዳፋ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ሲሆን የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በሰፈራችን የሚያልፈው መንገድ ከግቢዎቻችን ከፍ ተደርጎ ስለተሠራና የውኃ መውረጃ ስላልተበጀለት፣ ባለፈው ክረምት ጎርፉ ከመንገዱ በታች ወዳሉት ቤቶች ገባ። የአቤቱታውን ደብዳቤ የማረቀው እኔ ነኝ፤ መሐንዲስ የሆነው የእህቴ ልጅ የደረሰብንን ጉዳት «ኮላተራል ዳሜጅ» ብዬ ብጽፈው ክብደት እንደሚኖረው መከረኝ። ረቂቁን ለእድርተኛው ሳነብ ግን አንዲት እናት ደንግጠው «ቤታችን ለባንክ ተያዘ ማለት ነው?» አሉኝ። ለመሆኑ ሐረጉ እዚህ ይገባል? በአማርኛስ ምን ልበለው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ እኚህ እናት የደነገጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር «ኮላተራል» ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ባንክ ሲያበድር የሚይዘውን መያዣ ነው። ሁለቱም አጠራሮች ጎን የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የመጡ ናቸው፤ መያዣው ከብድሩ ውል ጎን ይቆማል፣ «ኮላተራል ዳሜጅ» ደግሞ ከታለመው ዒላማ ጎን ባለው ላይ የሚደርስ ጥፋት ነው። ሐረጉ የጦር ሰዎች ቋንቋ ሲሆን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በዜና በሰፊው ተሰማ። በ1999 ኔቶ ዩጎዝላቪያን በአውሮፕላን በደበደበበት ዓመት ደግሞ የጀርመን የቋንቋ ባለሙያዎች የዚህኑ ሐረግ ጀርመንኛ አቻ የዓመቱ መጥፎ ቃል ብለው ሰየሙት፤ የሰላማዊ ሰዎችን መገደል አቅልሎ ያሳያል በሚል ነው።

የእህትዎ ልጅ በቅንነት እንደመከረዎ አልጠራጠርም፤ ሆኖም ሐረጉን ከደብዳቤዎ እንዲያወጡት አጥብቄ እመክራለሁ። «ዓላማችን ሌላ ነበር፣ ይህ ግን በጎን ደረሰ» የሚለው ንግግር የአድራጊው መከላከያ ነውና፣ ቤቱ ጎርፍ የገባበት ሰው ይህን መከላከያ በገዛ እጁ ጽፎ ሊያቀብል አይገባም።

«የጎንዮሽ ጉዳት» ብለው ሊጽፉ አስበው ከሆነ፣ በቃል ደረጃ ከዚህ የቀረበ ትርጉም የለም፤ ነገር ግን ቃሉ በእኛ ዘንድ ለመድኃኒቱ «ሳይድ ኢፌክት» ከተሰጠ ቆይቷል። በዚያም ቦታ ቢሆን እኔን ሁልጊዜ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር አለ፦ እንግሊዝኛው ውጤት እንጂ ጉዳት አይልም። አስፕሪን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ይህ ለራስ ምታት ብሎ ለሚውጠው ሰው የመድማት አደጋ ሲሆን፣ ሐኪም ለአንዳንድ የልብ ሕሙማን በአነስተኛ መጠን የሚያዝዘው ግን ይህንኑ ፈልጎ ነው። ስለዚህ የጎዳውን «የጎንዮሽ ጉዳት»፣ ያልጎዳውን «የጎንዮሽ ውጤት» ብንል ደስ ይለኛል።

ለእናንተ ነገር አማርኛ የራሱ ቃል አለው። መዘዝ በሥራው ባለቤት ላይም ሊመለስ ይችላል፤ ዳፋ ግን አንዱ ባጠፋው ሌላው የሚሸከመው ነው። «በእሱ ዳፋ እኔ ተቀጣሁ» የሚል ሰው ጥፋቱ የሌላ፣ ሸክሙ የራሱ መሆኑን በአንድ ቃል ተናግሯል፤ «በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል» የሚለው ተረትም ይህንኑ ያሳያል። በእድሩ ስብሰባ ላይ ዳፋ ቢሉ ሁሉም ይረዳዎታል።

በደብዳቤው ላይ ግን ለጉዳቱ ስም ከማውጣት ይልቅ የሆነውን እንዳለ መጻፍ ይሻላል፦ «መንገዱ ከግቢዎቻችን ከፍ ብሎ በመሠራቱና የውኃ መውረጃ ስላልተበጀለት፣ ጎርፍ ወደ ቤቶቻችን ገብቶ እህላችንንና የቤት ዕቃችንን አበላሽቷል፤ መውረጃው ከመጪው ክረምት በፊት እንዲሠራልን እንጠይቃለን።» ጎርፉ የገባበትን ቀንና የቤቶቹን ቁጥር ይጨምሩበት፤ ከመላክዎ በፊትም ለእኚያ እናት አንድ ጊዜ ያንብቡላቸው።