ሰኞ ጠዋት ማንም የማያየው ዳሽቦርድ

«በአንድ የመድን ወኪል ድርጅት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። አምና የድርጅቱን የፋይናንስ ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮችን በግራፍ የሚያሳይ የስክሪን ሰሌዳ፣ እንድሠራ ተሰጠኝ። ዳሽቦርድ የሚሠራበትን ፕሮግራም፣ ፓወር ቢአይን፣ ማታ ማታ ከዩቲዩብ እየተማርኩ ሠራሁት። 6 ገጽ፣ 23 ግራፍ አለው። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ይከፈታል። ሥራ አስኪያጃችን አንዴ ቀና ብለው ያዩትና ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ ዞረው ‹ስንት ገባ?› ይሏታል። እሷ ከኤክሴሏ ታነብላቸዋለች። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። አባቴ ‹በዳታ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ካልያዝሽ ማንም አይሰማሽም› ይለኛል። አጎቴም የትምህርት ቤቱን ክፍያ ሊያበድረን ተስማምቷል። ወንድሜ ደግሞ ቢሮው ትንሽ ነው፣ ለቀሽ ትልቅ ኩባንያ ግቢ ባይ ነው። ችግሩ የኔ ችሎታ ነው ወይስ የቦታው? የመድን ውሎችን የሒሳብ መስፈርት፣ አይኤፍአርኤስ 17ንስ፣ መማር አለብኝ? የመጀመሪያውን ገጽ ፎቶ አያይዤልዎታለሁ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ» ያልሽው ነገር አልለቀቀኝም። እዚያ ወንበር ላይ እኔም ተቀምጬ አውቃለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በመድን ወኪል ቢሮ ነው። ሥራዬ ኮሚሽን ማስታረቅ ነበር። መድን ሰጪው ኩባንያ የላከውን የኮሚሽን መግለጫ ከኛ መዝገብ ጋር መስመር በመስመር አመሳክራለሁ። በሦስተኛው ዓመት የወሩን ሪፖርት እንዳቀርብ ታዘዝኩ። የሚያምር ግራፍ ሠርቼ ገባሁ። አለቃዬ ከኮታቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አወጡ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና «የኔ ደብተር ይሄን አይልም» አሉ። ስብሰባው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈ።

ያንን ልዩነት ፍለጋ ሦስት ሳምንት አመሸሁ። በመጨረሻ ሳገኘው እኔም አልተሳሳትኩም፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም። እኔ የቆጠርኩት በወሩ የተሸጠውን ዓረቦን፣ ማለትም ደንበኞች ለመድኑ የሚከፍሉትን ዋጋ ነው። እሳቸው የሚቆጥሩት እጃቸው የገባውን ኮሚሽን ነው። በዚያ ላይ ደንበኞች ካቋረጧቸው በኋላ ከሲስተሙ ያልወጡ ውሎች ነበሩ። ግራፌ እነሱንም ቆጥሮ ነበር።

ስለዚህ ችሎታሽን አትጠራጠሪ። ሥራ አስኪያጅሽ ዳሽቦርዱን የማያዩት ስላላመኑት ነው። ፎቶውን ሳይ ደግሞ ምክንያታቸው ገባኝ። ገጹ አናት ላይ በትልቁ «ጠቅላላ ገቢ» ይላል። ከስሩ ያስቀመጥሽው ግን የተሸጠ ዓረቦን ነው።

በአንድ ውል ላሳይሽ። የ1 ዓመት ውል ነው እንበል፤ ዓረቦኑ 12,000፣ ኮሚሽናችሁ 15 በመቶ። ደንበኛው በየ6 ወሩ ሊከፍል ተስማምቶ የመጀመሪያውን 6,000 ከፍሏል። ውሉ ከተጀመረ ዛሬ 3 ወር ሞላው። «ከዚህ ውል ስንት አገኘን?» ብዬ ብጠይቅሽ ምን ትያለሽ? የሽያጭ ሠራተኛው 12,000 ይላል፤ የሸጠው እሱን ነዋ። ገንዘብ ያዧ 6,000 ትላለች፤ እሷ ጋ የገባው ያ ነው። መድን ሰጪው 3,000 ይላል፤ ሽፋን የሰጠው ለ3 ወር ብቻ ነው፣ ቀሪው 9,000 ገና ያልተሠራበት ዓረቦን ነው። ለእናንተ ድርጅት የራሱ የሆነው ደግሞ ኮሚሽኑ ነው፤ 1,800። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተጨበጠም። ደንበኛው ዛሬ ውሉን ቢያቋርጥና ሒሳቡ በቆየበት ጊዜ ልክ ቢሠራ፣ የ9,000ው ዓረቦን ይሰረዛል። በሱ ላይ የታሰበው 1,350 ኮሚሽንም አብሮ ይሄዳል። ለእናንተ የሚቀረው 450 ነው።

አንድ ውል አምስት ቁጥር አወጣ፤ አምስቱም ልክ ናቸው። አንቺ 12,000ውን «ገቢ» ብለሽ ስትለጥፊ፣ ደመወዝና ኪራይ ከኮሚሽን የሚከፍሉት ሰውዬ ያንን ቁጥር ምን ያድርጉበት? ለዚህ ነው ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ የሚዞሩት። እሷ ባንክ ያለውን ታውቃለች።

ስሙም ቀላል ነገር አይደለም። ዓረቦን የወኪሉ ገንዘብ አይደለም። ለመድን ሰጪው የሚሰበሰብ አደራ ነው። በብዙ አገር ሕጉ ከድርጅቱ ገንዘብ ተለይቶ በራሱ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያስገድዳል። እሱን «ገቢ» ብሎ ስክሪን ላይ ማውጣት፣ አንድ ቀን የገንዘብ እጥረት ሲመጣ ሰው የሰው ገንዘብ እንዲያወጣ መንገድ ይከፍታል። ይሄን ጉዳይ አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው። አንቺ እዚያ ቢሮ ውስጥ የቃላት ጠባቂ ነሽ።

ሁለተኛው ገጽሽ ላይ «የእድሳት መጠን» የሚል እንዳለ ከማውጫው አየሁ። የምኑ እድሳት ነው? 100 ደንበኞች ኖረው 90 ቢያድሱ 90 በመቶ ነው፤ ደስ ይላል። ግን የሄዱት 10ሩ ትልልቆቹ ቢሆኑስ? ከጠቅላላው 1,000,000 ዓረቦን ውስጥ 400,000ው የነሱ ከነበረ፣ በገንዘብ ሲታይ የቀረው 60 በመቶ ብቻ ነው። ተቃራኒውም አለ። መድን ሰጪው ዋጋ ከጨመረ ደንበኛ እየሸሸ የዓረቦኑ ቁጥር ያው ሊመስል ይችላል። ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጊያቸው። መራራቅ ሲጀምሩ ሥራ አስኪያጅሽ ራሳቸው «ይሄ ምንድነው?» ይላሉ። ያኔ ስለ ዳሽቦርዱ ሳይሆን ስለ ደንበኞቹ ማውራት ትጀምራላችሁ።

ቀኑንም አትርሺ። ደንበኛው በቀጥታ ለመድን ሰጪው በሚከፍልባቸው ውሎች ኮሚሽኑ የሚመጣው መግለጫው ሲላክ፣ ዘግየት ብሎ ነው። ስለዚህ «የዚህ ወር ኮሚሽን» የምትይው አብዛኛውን ጊዜ የቀደመው ወር ሽያጭ ፍሬ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ስር እስከ መቼ ያለ መረጃ እንደሆነ በትንሹ ጻፊ። ሰው ቁጥሩን ከባንኩ ጋር ሲያስተያይ ምክንያቱን እዚያው ያገኘዋል።

የካሳ ምጣኔውን፣ ማለትም ሎስ ሬሾውን፣ በወር አታሳዪ። የተከፈለውንና ሊከፈል የተያዘውን ካሳ ለተሠራበት ዓረቦን ማካፈል ማለት ነው። የአንድ ወኪል ደንበኞች ብዛት ትንሽ ስለሆነ አንድ የእሳት አደጋ ወሩን ሙሉ ያዛባዋል። የመጨረሻዎቹን 12 ወራት አንድ ላይ አሳዪ፤ በየወሩ አዲሱን ወር እየጨመርሽ የቆየውን ጣዪ። በዓመት መጨረሻ የትርፍ ድርሻ ኮሚሽን የምታገኙ ከሆነ፣ እሱ የሚወሰነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምጣኔ ነውና ሥራ አስኪያጅሽ ይፈልጉታል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ፓወር ቢአይን አትክፈቺው። ያለፉትን 3 ወራት የኮሚሽን መግለጫዎች አውጪና ከሲስተማችሁ ጋር አስታርቂ። ሒሳብ ሠራተኛዋን አጠገብሽ አስቀምጪ። እሷ ተፎካካሪሽ አይደለችም። ኤክሴሏ ውስጥ ለዓመታት ያጠራቀመችው እርማት አለ፤ አንዱንም የትም አላነበብሽውም። የማይገጥመውን ሁሉ ከነምክንያቱ መዝግቢ። ከዚያ የማይገጥመውን አትደብቂው። ዳሽቦርዱ ላይ «ከኮሚሽን መግለጫው ጋር ያለ ልዩነት» ብለሽ በግልጽ አስቀምጪው። እኔ ይሄን ባደረግኩበት ወር አለቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብተራቸውን ሳያወጡ ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ።

ቀጥለሽ ሥራ አስኪያጅሽን 20 ደቂቃ ለምኛቸው። «ምን ግራፍ ይፈልጋሉ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። «ባለፈው ሳምንት ምን ወሰኑ? ከመወሰንዎ በፊት ለማን ደወሉ?» በያቸው። የደወሉለት ሰው የነገራቸው ነገር ነው ዳሽቦርዱ ላይ መኖር ያለበት።

23ቱን ግራፍ ወደ አምስት ማውረድሽ አይቀርም። ያማል፤ ማታ ማታ የደከምሽበት ነው። አንደኛው ገጽ ላይ የገባ ኮሚሽንና ልዩነቱ፣ ከ30፣ ከ60ና ከ90 ቀን በላይ ያልተሰበሰበ ዓረቦን፣ በሚቀጥሉት 60 ቀናት የሚያበቁ ውሎች፣ ሁለቱ የእድሳት መስመሮች እና የ12 ወሩ የካሳ ምጣኔ ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ቁጥሩን ስትጫኚው ስም ይምጣ። እኛ ቢሮ «በዚህ ወር 41 ውሎች ያበቃሉ» የሚለውን አንስተን የደንበኛውን ስም፣ የዓረቦኑን መጠንና ኃላፊውን በዝርዝር ስናወጣ፣ የሽያጭ ሠራተኞቹ ስብሰባው ሳያልቅ ስልክ ያነሱ ጀመር። ቁጥር ብቻ ሲሆን ማንም አይደውልለትም።

ስለ መልኩ ብዙ አልልም። የመኪና ፍጥነት መቁጠሪያ የሚመስሉትን ክብ ነገሮች አውጪያቸው፤ ለአንድ ቁጥር ግማሽ ስክሪን ይበላሉ። በቀይና በአረንጓዴ ብቻ አትለዪ። ከወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ እነዚህን ቀለሞች ለመለየት ይቸገራል፤ ስብሰባችሁ ላይ አንዱ ሊኖር ይችላል። ግራፍና የንግድ ቁጥር የቆየ ዝምድና አላቸው። ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር እ.ኤ.አ. በ1786 የመስመርና የዓምድ ግራፎችን ያሳተመው የአገሩን የገቢና የወጪ ንግድ ለማሳየት ነበር። የእነዚህ ግራፎች መልክ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። የሚያስቸግረው ሁሌም ከስሩ ያለው ቁጥር ነው።

አሁን የቤተሰብሽን ነገር ልንካው። አባትሽ እንደሚወዱሽ አልጠራጠርም። ነገር ግን የሚሉት ልክ አይደለም። ሥራ አስኪያጅሽ የሚያዳምጧት ሒሳብ ሠራተኛ ስንት ዲግሪ አላት? የሚያዳምጧት ቁጥሯ ከባንኩ ጋር ስለሚገጥም ነው። የዳታ ሳይንስ ማስተርስ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ግን ኮሚሽን ስለማስታረቅ አያስተምርም። ብድሩ ደግሞ ከአጎት የመጣ ብድር ነው። ወለድ ባይኖረውም በየቤተሰብ ስብሰባው ይነሳል፤ ሥራ ለመቀየር ስታስቢ፣ ደመወዝሽ ትንሽ ግን ትምህርቱ ብዙ የሆነ ቦታ ስታገኚ፣ አጎትሽን ማሰብ ይኖርብሻል። ከፋዩዋ አንቺ ነሽ፤ ስለዚህ ወሳኟም አንቺ ሁኚ። «አንድ ዓመት ስጡኝ» በያቸው፣ ቀኑን ቁረጪላቸው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት በ36 ዓመቴ፣ መሥሪያ ቤቴ ከፍሎልኝ ነው። ክፍል ውስጥ ስገባ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ለአንቺም የምመኝልሽ ይሄንኑ ነው።

ወንድምሽ ስለ ትልቅ ኩባንያ ያለው ይቆይ። በትልቅ ቦታ የአንድ ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ ይሰጥሻል፤ እዚህ ከውል ሽያጭ እስከ ባንክ ያለውን ሁሉ ታያለሽ።

አይኤፍአርኤስ 17 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የመድን ውሎች የሒሳብ መስፈርት ነው። የተሠራው ለመድን ሰጪዎች እንጂ ለወኪል ኮሚሽን አይደለም። አንድ ቀን ወደ መድን ሰጪ ኩባንያ መሄድ ከፈለግሽ ያኔ ተማሪው፤ ዛሬ እንቅልፍሽን አይንሳሽ።

መረጃን ከሲስተሙ ቋት ጠይቆ ማውጫውን ቋንቋ፣ ኤስኪውኤልን፣ ግን አሁኑኑ ጀምሪ። የተሰረዙትን ውሎች ራስሽ ፈልገሽ ማውጣት አለብሽ፤ የአይቲውን ሰው ሁለት ቀን እየጠበቅሽ አይሆንም።

የመጀመሪያውን ወር አስታርቀሽ ስትጨርሺ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጻፊልኝ። ግምቴን ልንገርሽ፤ ተቋርጠው ከሲስተሙ ያልወጡ ውሎች ይኖሩበታል። ፍለጋውን ከነሱ ጀምሪ።