ብሽሽታችሁን ሲያማችሁ ለመታሸት አትቸኩሉ

ሰሞኑን ሱሉልታ የሚሠለጥን አንድ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የታፋዬ ጀርባ፣ መቀመጫዬና ብሽሽቴ ከያዘኝ አራት ወር ሆነ። እያፍታታሁት ልሩጥ ወይስ ልተወው?» አለኝ። ታሽቷል፣ ስትሬቺንግ ሠርቷል፣ ማስታገሻም ውጧል። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ የሚቀመጠው በአንድ ጎኑ ዘንበል ብሎ ነው።

የምችለውን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ስሟን አልጽፍም።

ከአርሲ የመጣች፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ሯጭ ነበረች። እኔ ያኔ በአንድ ሆስፒታል ጀማሪ ፊዚዮቴራፒስት ነበርኩ። እያነከሰች ገባች። ምን ሆነሽ ስላት «ትንሽ ይዞኛል» አለች። ትልቅ የራጅ ፖስታ ይዛለች።

ታሪኳን ቀስ እያልኩ አወጣሁት። ሕመሙ የጀመራት ብሽሽቷ ውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ረጅም ሩጫ መጨረሻ ላይ ብቻ ነበር። ቆይቶ ገና ስታሟሙቅ ይጀምራት ገባ። አሰልጣኟ ጡንቻ ነው አላት። ሰፈር ውስጥ ያለ ወጌሻ በቅባት አሻት። ከታሸች በኋላ ለቀናት ታነክሳለች፣ ሻል ሲላት ደግሞ ትሄዳለች። የሚያማትን እግር ለማዳን አረጋገጧን ስትቀይር መቀመጫዋና የታፋዋ ጀርባም መታመም ጀመሩ። ሦስት ቦታ ሲሆንባት ራጅ ተነሳች። «ምንም የለም» ተባለች። እሷም ያንን እንደ ፈቃድ ወስዳ ልምምዷን ቀጠለች።

አልጋ ላይ አስተኝቼ ጭኗን ወደ ውስጥ ሳዞረው ፊቷ ተለወጠ። አስነሳኋትና «በዚህኛው እግርሽ አንዴ ብቻ ዝለይልኝ» አልኳት። እኔን አየችኝ፣ እግሯን አየች፣ አልዘለለችም። በዚያው ሳምንት እንጦጦ ላይ ዳገት ስትሠራ የሰነበተች ልጅ አንዴ መዝለል አልቻለችም።

ሐኪሙን ጠራሁ። የጭን አጥንት አንገት ላይ ስንጥቅ እንዳለ ጠረጠረ። ከዳሌ ጋር የሚገናኘው ቀጭን ቦታ ነው። በድግግሞሽ ጫና ቀስ እያለ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ኤምአርአይ የሚባለው የማግኔት ምርመራ ነው የሚያሳየው፣ እሱ ደግሞ ያኔ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም ነበር። ክራንች ተሰጣት፣ እግሯን እንዳትረግጥበት ተነገራት። አለቀሰች። ያስለቀሳት ሕመሙ አይደለም። አውሮፓ ውድድር ነበራት፣ ቲኬቱ ተቆርጧል። በሽልማቱ ለአባቷ የቆርቆሮ ቤት ልትሠራ ነበር።

ክራንቹን ብዙ አልያዘችውም። ውድድሩ ሳይደርስ ልምምድ ላይ አጥንቱ ሙሉ በሙሉ ተሰበረ። ተሸክመው አመጧት። በብሎን ታሠረላት፣ ዳነች፣ ዛሬ በደንብ ትራመዳለች። ዳግመኛ ግን አልተወዳደረችም።

የሚቆጨኝ ከዚህ በኋላ የሰማሁት ነው። በዚያ ዋርድ አንዲት ጠና ያሉ ነርስ ነበሩ። ኮስታራ ናቸው፣ ሯጮች ይፈሯቸዋል። ግን ጠዋት ጠዋት በሶ በጥብጠው ይዘው የሚመጡላቸው እሳቸው ነበሩ፤ አጠገባቸው ቆመው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። እሳቸው ናቸው አልጋዋ ጠርዝ ተቀምጠው «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ብለው የጠየቋት። ከቀረ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ልጅቷ ጥሩ ምልክት መስሏት ነበር፤ በደንብ መሥራቷን ያሳያል ብላ። በቀን የምትበላው ለሩጫዋ ቀርቶ ለአንድ የቢሮ ሠራተኛም አይበቃም።

ሰውነት የሚያቃጥለውን ያህል ካላገኘ ይቆጥባል። ሴት ከሆነች የወር አበባዋን ያቆማል፣ አጥንት መጠገኑንም ይቀንሳል። ወንዶችም ላይ የወንድነት ሆርሞኑ ይወርዳል፣ ምልክቱ ግን ስለማይታይ ይዘገያል። ያን ሁሉ ወር ስንት ሰው እግሯን ነካ! አሰልጣኝ፣ ወጌሻ፣ ባለሙያ። ሁሉም ወንድ ነበር። አንድም ሰው ያንን ጥያቄ አልጠየቃትም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እናንተ ልጆች፣ ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚያም፣ በአንድ እግር ስትዘሉ የሚወጋ፣ የሚያስነክስ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካላችሁ ሩጫውን በዚያው ቀን አቁሙ። አትታሹ። ራጁ ንጹሕ ነው ብላችሁም አትመለሱ። ኤምአርአይ ጠይቁ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ክለብ ያላችሁ ክለባችሁን ጠይቁ፣ ማናጀር ያላችሁ ማናጀራችሁን።

ይህን ስል ሁልጊዜ የሚመልስልኝ አይጠፋም። «አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ቶኪዮ ላይ አሸንፎ የለ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ በ1964 አሸንፏል። ያው አበበ ግን በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን አሞት ከ17 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አቁሟል። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው። ስለ ቶኪዮ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለ ሜክሲኮ የሚነግራችሁ ግን የለም።

የዘመኑ ልጆች የጫማችሁን ሶል ከምን እንደተሠራ አንድ በአንድ ትነግሩኛላችሁ። ዛሬ ቁርስ ምን በላህ ስላችሁ ታስባላችሁ። ስልክ ላይ ያያችሁትን እንቅስቃሴ ሁሉ ሕመማችሁ ላይ ትሞክራላችሁ። ይህ ያበሳጨኛል። በሌላ በኩል ደግሞ እናንተ ትጠይቃላችሁ። ያቺ ልጅ ብትጠይቅ «ሰነፍ» ነበር የምትባለው። በዚህ በኩል ከእኛ ጊዜ በብዙ ትሻላላችሁ።

ወደ ሱሉልታው ልጅ ልመለስ። ያለ ሕመም በአንድ እግሩ ይዘላል። የሚያመው ቁጭ ሲል፣ ዳገት ሲወጣና ሲፈጥን ነው። የሚያምህ ቦታ ላይ ጣትህን አስቀምጥ ስለው በትክክል መቀመጫው አጥንት ላይ አስቀመጠ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሀምስትሪንግ፣ ማለትም የታፋ ጀርባ ጡንቻ፣ ጅማት ከአጥንቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ ችግር ነው። ታፋ ወደ ፊት ሲታጠፍ ጅማቱ አጥንቱ ላይ ይጫናል። ጎንበስ ብሎ ጣትን መንካት፣ እግርን አጥር ላይ ሰቅሎ መሳብ፣ ሁሉም ይጫነዋል። ሲስበው ደስ ይለዋል፣ በማግስቱ ይብስበታል። አራት ወር ያቆየው ይኸው ነው።

ቅድም አቁሙ ብያለሁ። እዚህ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ማረፍን አልመክርም። ብሽሽቱ ውስጥ ጠልቆ ካመመው ግን ቅድም ያልኩት ለእሱም ይሠራል። ጅማት ካልሠራ ይደክማል። ዳገቱንና ስፒዱን ይተው፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ይሩጥ። በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ መቀመጫውን አንስቶ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይያዝ፣ አራት አምስት ጊዜ ይድገመው። ሲለምደው በአንድ እግር፣ ቀጥሎ በክብደት። ሕመሙ ከ10 ሲለካ ከ3 ካልበለጠና በማግስቱ ጠዋት ካልጨመረ ይቀጥል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ይህን ስነግረው ዝም አለ፣ ደስ አላለውም። ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደና እግር ከደነዘዘ ግን ነገሩ ከወገብ ሊሆን ይችላል፣ በአካል መታየት አለበት።

ኮርቲዞን መርፌ ልወጋ ብሎም ጠይቆኛል። ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሳል፣ ጅማቱን ግን አያጠነክርም። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የኮርቲዞን መርፌ በውድድር ወቅት በዶፒንግ ሕግ ክልክል ነው። ወጊውም ተወጊውም ይህን ሳያውቁ ልጅ ሊታገድ ይችላል።

ለመናገር የሚከብደኝ ጾም ነው፣ ግን መናገር አለብኝ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ጠዋት ሠላሳ ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ልጆች አውቃለሁ። እምነታቸውን አከብራለሁ፣ እኔም እጾማለሁ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሱፉና ኦቾሎኒው በብዛት ከተበላ የጾም ምግብ ሯጭ ያቆማል። የሚጎዳቸው ከልምምድ በኋላ ያለው ረጅም ባዶ ሰዓት ነው። ሕመም ላይ ያላችሁ፣ በተለይ የወር አበባችሁ የቀረባችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ ሥራችሁ ምን እንደሆነና ምን እንደገጠማችሁ ሳትደብቁ ንገሯቸው። እንደ ሰው አቅም ሰዓቱን የሚያሻሽሉ አባቶች ብዙ ናቸው።