አንድ ጊዜ የዳነች በግ ስለምን ዳግም ትታመማለች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በጅማ አካባቢ በግና ፍየል አረባለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት በጌ መዥገር ከተጣባት በኋላ በብርቱ ትኩሳት ታምማ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ቴትራሳይክሊን ወግቷት ዳነች። ዘንድሮ ከሌላ ወረዳ የገዛኋቸው ፍየሎች መንጋውን ከተቀላቀሉ በኋላ ግን ያችው በግ ታምማ፣ እየተንቀጠቀጠች ሞተች። ባለሙያው ሲከፍታት በልቧ ዙሪያ ብዙ ውሃ ተቋጥሮ ተገኘ። ከዚህ በሽታ የዳነ እንስሳ ዳግም አይያዝም ሲባል ሰምቼ ነበር። ክትባትስ የለውም ወይ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የገለጹልን ምልክት ኸርትዎተር ከሚባለው በሽታ ጋር ይመሳሰላል። በሽታውን የሚያመጣው ኤርሊሺያ ሩሚናንቲየም የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን፣ የሚያስተላልፉት ደግሞ የአምብሊዮማ ወገን የሆኑ፣ ብዙዎቹ በጀርባቸው ላይ ደማቅ ቀለም ያላቸው ትልልቅ መዥገሮች ናቸው። ባክቴሪያው የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ሴሎች ስለሚያጠቃ ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ በልብ ከረጢትና በደረት ውስጥ ይጠራቀማል።

የሰሙት ነገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። የዳነ እንስሳ በአብዛኛው የሚከላከለው የያዘውን የባክቴሪያ ዝርያና ለእርሱ ቅርብ የሆኑትን ነው፤ በአንድ ስም የሚጠራው ይህ ባክቴሪያ ግን በዘረመሉ እጅግ የተለያዩ ዝርያዎች አሉት። ይህ በደቡብ አፍሪካ በግልጽ ታይቷል። በዚያ አገር ለብዙ አሥርት ዓመታት በክትባትነት ያገለገለው ቦል 3 የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ሕያው ባክቴሪያ ያለበት የበግ ደም ለእንስሳው ይሰጥና ትኩሳቱ ሲነሣ በቴትራሳይክሊን ይታከማል። በዚህ መንገድ የተከተቡ በጎች ግን ዌልገቮንደን ከተባለው፣ በዚያው አገር ከተገኘ ሌላ ዝርያ አልዳኑም። በአንድ አገር ውስጥ ይህን ያህል ልዩነት ካለ፣ ከሩቅ የመጣ ክትባት ለጅማ መንጋ ይበቃል ብሎ መተማመን አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ የሚታየው ደግሞ እንደተመረመረው ዘረመል ነው። ፒሲኤስ20 የተባለው የዘረመል ክፍል በዝርያዎቹ መካከል ብዙም ስለማይለያይ ባክቴሪያው መኖሩን ለማረጋገጥ ይመረጣል። ማፕ1 የተባለው ደግሞ የባክቴሪያውን የውጭ ሽፋን ዋና ፕሮቲን የሚያሠራ ሲሆን ከዝርያ ወደ ዝርያ በእጅጉ ይለያያል፤ የዚህ ልዩነት አቀማመጥም ከቦታ ርቀት ጋር ሁልጊዜ አይሄድም። እንስሳትና በላያቸው ያሉ መዥገሮች ከገበያ ወደ ገበያ መዘዋወራቸው ለዚህ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ዝርያዎቹ እርስ በርስ ዘረመል ስለሚለዋወጡም ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በበግና በፍየል ቀይ የደም ሴል የሚኖረው አናፕላስማ ኦቪስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያም ተመሳሳይ ጉዳይ አለው፤ 16ኤስ በተባለው ዘረመሉ ሲታይ አንድ ወጥ ሲመስል፣ የውጭ ሽፋኑን በሚወስኑ ዘረመሎች ሲታይ ግን ልዩነቱ ይወጣል።

እንግዲህ በግዎን የገደለው ከአዲሶቹ ፍየሎች መዥገር ጋር የገባ ሌላ ዝርያ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ያለ ምርመራ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ የመጀመሪያው በሽታ ራሱ ሌላ ሊሆንም ይችላልና። ወደፊት እንዲህ ያለ ሞት ከደረሰ፣ ባለሙያው በቶሎ ከአንጎል ትንሽ ናሙና ወስዶ በቀጭኑ በመስታወት ላይ ይቀባው፤ ባክቴሪያው በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያልና። ፒሲአር ለተባለው፣ የባክቴሪያውን ዘረመል ለሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚላክ ናሙናም ጎን ለጎን ቢያዝ መልካም ነው።

የሚገዟቸውን እንስሳት ከመንጋው ከማቀላቀልዎ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ለይተው ያቆዩ፤ ጆሯቸውን፣ ብብታቸውን፣ ጡታቸውንና የጭራቸውን ሥር እየፈተሹም በባለሙያ ምክር በፀረ መዥገር መድኃኒት ያክሙ። ይህ ለጥቂት ሳምንታት የሚወስደው ልፋት ሌላ ዝርያ ወደ መንጋዎ እንዳይገባ ይረዳል። ትኩሳት ሲጀምር ወዲያውኑ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊን ብዙ ጊዜ ያድናል፤ እንስሳዋ መንቀጥቀጥና መሬት ላይ ወድቃ እግሯን ማወራጨት ከጀመረች በኋላ ግን የመዳን ተስፋዋ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከመዥገር ወቅት ጀምሮ ከመንጋ ወደ ኋላ የምትቀርን ወይም መብላት ያቆመችን ሁሉ ሳይውል ሳያድር ሙቀቷን ያስለኩ።