«ሪሜምበር» ወይስ «ሪማይንድ»?

«አስታወሰ»ን ወደ እንግሊዝኛ መቼ «ሪሜምበር»፣ መቼ «ሪማይንድ» ብለው እንደሚተረጉሙ ለጠየቁት፦ ነገሩ ለራስዎ ትዝ ካለዎት «ሪሜምበር»፣ ሌላ ሰው ወይም ነገር ካስታወሰዎት «ሪማይንድ» ነው።

ከደሴ ተነሥተው ኮምቦልቻ ሲደርሱ የቤቱን ቁልፍ እንደረሱ ትዝ ቢልዎት «አይ ሪሜምበርድ» ይላሉ፤ የሚኒባሱ ረዳት «እቃዎን እንዳይረሱ» ብሎ ቢያስታውስዎት ግን «ሂ ሪማይንድድ ሚ» ይሆናል። ግራ የሚያጋባው የእኛው «አስታወሰ» ሁለቱንም መሸከሙ ነው፤ በ«ትዝ አለኝ» ሊተኩት ከቻሉ «ሪሜምበር»፣ ካልቻሉ «ሪማይንድ» መሆኑን ይያዙ።

ይሁንና «ሪማይንድ» ያለ ተሳቢ አይቆምም፤ ተሳቢ ማስገባቱም ብቻውን አያድንም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ሐይቅ ከተማ የቀረችው እናቴ ትዝ ብላኝ «አይ ሪማይንድድ ማይ ማዘር» ብዬ ጻፍሁ፤ መምህሬም «ምኑን አሳሰብካት?» ሲሉ በቀይ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።