ነዳጅ የሚጭን፣ በነዳጅ የሚሄድ

ጥያቄ፦ የኖቤል ወንድማማቾች ኩባንያ በ1903 (እ.ኤ.አ.) በሩሲያው ቮልጋ ወንዝ ላይ ስላሰማራት መርከብ፣ ስለ «ቫንዳል»፣ ስጽፍ «የነዳጅ መርከብ» አልኋት። አርታኢዬ ሰርዘው «ነዳጅ ጫኝ መርከብ» አሉ። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ አርታኢዎ የሸሹት አሻሚነት በእርግጥ አለ። «የእንፋሎት መርከብ» በእንፋሎት የሚሄድ ነው፤ «የእህል መርከብ» ግን እህል የሚጭን። «የ» ሁለቱንም ይችላል። ቫንዳል ደግሞ ሁለቱንም ሆና ተገኘች፤ በሆዷ ነዳጅ ተሸክማ፣ እያንዳንዳቸው 120 የፈረስ ጉልበት ባላቸው ሦስት የናፍጣ ሞተሮች ትሄድ ነበር። ሞተሮቹ ወደ ኋላ መዞር ስለማይችሉ ኤሌክትሪክ ብቻ ያመነጫሉ፤ መቅዘፊያውን የሚያሽከረክረው ኤሌክትሪኩ ነው። ስለዚህ ለእርሷ «የነዳጅ መርከብ» በሁለቱም ትርጉም እውነት ነው፤ እኔ አልሰርዘውም ነበር።

«ጫኝ»ን አልወደውም። ጫኝ ሰው ነው፤ ገበያ ውስጥ «ጫኝና አውራጅ» ስንል ጆንያ በትከሻው የሚያነሣውን ማለታችን ነው። መርከቧ ይጫንባታል እንጂ አትጭንም። «የአድራጊ ስም ለግዑዝም ይሆናል» የሚሉ አሉ፤ ምስክራቸውም «ነዳጅ» ራሱ ነው። ከ«ወደደ» «ወዳጅ» እንደ ወጣ፣ ከ«ነደደ»ም «ነዳዲ» የነበረው «ዲ»ው ወደ «ጅ» ዞሮ «ነዳጅ» ሆኗል። «ጫኒ»ም «ጫኝ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ማስረጃው ከእነርሱ ጋር እንደሆነ አምናለሁ፤ ጆሮዬ ግን እንቢ ይላል።

ለእኔ ትክክለኛው ቃል «ቦቴ» ነበር። በጣሊያንኛ ቦቴ በርሜል ነው፤ «አውቶቦቴ» ደግሞ እኛ በአጭሩ ቦቴ የምንለው መኪና። ቀድሞ የነዳጅ ዘይት በባሕር የሚጓዘው በበርሜል ተሞልቶ ነበር። ሉድቪግ ኖቤል በ1878 «ዞሮአስተር»ን ካስፒያን ባሕር ላይ ሲያሰማራ ግን ዘይቱ መርከቡ ውስጥ በተሠራ የብረት ጋን ተገለበጠ፤ በርሜሉ ቀረ፣ መርከቡ ራሱ በርሜል ሆነ። ይህን ከ«ቦቴ መርከብ» የተሻለ ምን ይገልጸዋል? «ታንከር»ንማ አይሞክሩት፤ አንባቢዎ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው የሚታየው።

ሆኖም «ቦቴ መርከብ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ ጋዜጦቹም «ነዳጅ ጫኝ መርከብ»ን ከያዙት ቆይተዋል። ሳልወድ እቀበላለሁ። ለቫንዳል ግን «ባለ ሞተር ነዳጅ ጫኝ መርከብ» ይበሉ፤ «ባለ ሞተር» ከቀረ ከእንፋሎቷ ከዞሮአስተር አትለይም።