ጠይቃችሁ የውሃ ሽታ አትሁኑ

ውድ ልጆቼ፣

የዳሰሳ ጥናት ሥራ ልትጀምሩ ነው። ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትላኩት ወደ ትንሽ ከተማ ይሆናል። መጠይቅ ይዛችሁ ቤት ለቤት ትዞራላችሁ። ሰዉ ከሚኖርበት ቦታ ምኑን እንደሚወድ፣ ምን እንዳይጠፋበት እንደሚፈልግ፣ ከተማው እንዴት እንዲያድግ እንደሚመኝ ትጠይቃላችሁ። እኔም የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሰው ጠይቃችሁ፣ መልሱን ሰብስባችሁ የውሃ ሽታ አትሁኑ።

በሩን ከፍቶ የሚያስገባችሁ ሰው ጊዜውን ይሰጣችኋል። ከጊዜው ጋር ተስፋውንም ይሰጣችኋል። "መጥተው ጠየቁኝ እኮ፤ የሆነ ነገር ሊሠሩ ነው" ብሎ ለጎረቤቱ ያወራል። ዓመት አልፎ ምንም ካልሰማ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጠያቂ ሲያንኳኳ አይከፍትም። ቢከፍትም የሚመልሰው ከአንገት በላይ ነው። እናንተ የምታበላሹት እምነት ከእናንተ በኋላ ለሚመጡትም ይተርፋል።

ስለዚህ መጠይቁ ከመጻፉ በፊት አሠሪዎቻችሁን ፊት ለፊት ጠይቁ። ይህ ጥናት የትኛውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል? መንገዱ የት እንደሚያልፍ ተወስኖ ካለቀ በኋላ "መንገዱ የት ቢያልፍ ይመርጣሉ?" ማለት ሰውን መሸንገል ነው። ሼሪ አርንስቲን የምትባል አሜሪካዊት በ1969 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ተሳትፎን 8 እርከን ባለው መሰላል አስቀምጣ አሳይታለች። የታችኛዎቹን ሁለት እርከኖች ተሳትፎ ብላ እንኳን አልቆጠረቻቸውም። የሕዝብን አስተያየት መጠየቅ 4ኛው እርከን ላይ ነው። መልሱ ለውሳኔ የሚውልበት ዋስትና ከሌለ እሱም ያው ለይስሙላ ነው ትላለች። ትክክል ናት። ገና ያልተወሰነ ነገር ፈልጉና ስለእሱ ጠይቁ። የተወሰነውን ደግሞ ተወስኗል ብላችሁ ንገሩ። ሰው እውነቱን ሲሰማ አይቀየምም፤ ቢቀየምም ያከብራችኋል።

ስለ ናሙና መምህሮቻችሁ ስላስተማሯችሁ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ግን ብዙ ወጣት ያሳስታል። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ሰው ይበቃል የሚል ግምት አለ። ሒሳቡ እንደዚያ አይደለም። የሕዝቡን ሐሳብ በ95 በመቶ የመተማመን ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ልዩነት ለማወቅ፣ ማለትም ጥናቱ 100 ጊዜ ቢደገም በ95ቱ ያህል ውጤቱ ከእውነቱ ከ5 በመቶ በላይ እንዳይርቅ፣ ሚሊዮን ሰው ባለበት ቦታ 385 ገደማ በዕጣ የተመረጡ ሰዎች ይበቃሉ። 1000 ሰው ባለበት ቦታ ደግሞ 278 ያስፈልጋሉ። ከአራት ሰው ከአንድ በላይ ማለት ነው። ትንሽ ቦታ ከባድ ነው። አንድ ሰፈር ብትዘሉ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል።

ደግሞ ብዛት ብቻውን አያድናችሁም። በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንት ምርጫው ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ፣ ላንደን ያሸንፋል ብሎ ነበር። ያሸነፈው ሩዝቬልት ነው፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። መጠይቁ በብዛት የተላከው ስልክና መኪና ላላቸው ሰዎች ነበር። መልሰው የላኩትም ከእነሱ ውስጥ የፈለጉት ብቻ ናቸው። በስብሰባ አዳራሽ የሚሰበሰብ አስተያየትም እንደዚሁ ነው። የሚመጣው ጊዜ ያለውና መናገር የለመደ ሰው ነው። ቤት የተከራየው፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛው፣ በሽተኛ የምታስታምመው አይመጡም። ቤት ስትገቡም መልስ የሚሰጠው በር የከፈተው ወይም የቤቱ ትልቅ ሰው እንዳይሆን ተጠንቀቁ። በቤቱ ካሉት አዋቂዎች መካከል የልደት ቀኑ በቅርብ ያለፈው ማን እንደሆነ ጠይቁና እሱን ወይም እሷን አነጋግሩ። ሌላ ጊዜ ኑ ካሏችሁ ሌላ ጊዜ ሂዱ። ጎረቤት ቤት ገብታችሁ አትተኩ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ይሉኝታ። በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። ከንቲባው የአንዱ ጎረቤት ነው፣ ሐኪሟ የሌላው እህት ናት። እናንተን ራሳችሁን "የማን ልጅ ነህ? የማን ልጅ ነሽ?" ብለው ሊለዩ ይሞክራሉ። እንዲህ ባለ ቦታ "በከተማው አስተዳደር ረክተዋል?" ብትሉ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው" ነው መልሱ። ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምንጠቀምበት የሊከርት መለኪያም፣ ያ "በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ" የሚለው፣ እዚህ ላይ አቅሙ ያንሳል። ሰው በባሕርዩ ወደ መስማማት ያዘነብላል። ጉርብትና ይጠቅማል? አዎ። ዕድገት ይፈለጋል? አዎ። ንጹሕ አካባቢ? አዎ። ሁሉም አዎ ከሆነ ምንም አላወቃችሁም ማለት ነው።

ሰው የሚያከብረው ነገር የሚታወቀው ሁለት የሚወዳቸው ነገሮች ሲጋጩበት ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ለወጣቶች ሥራ የሚፈጥር ድርጅት ይሠራ ቢባል ምን ይላሉ? ያን ጊዜ ሰውየው ያስባል። ያመነታል። ማመንታቱንም ጻፉት።

አንዲት እናትን አስታውሳለሁ። ከተማው ምን ያስፈልገዋል ስንላቸው እንደ ሪፖርት ዘረዘሩልን። መንገድ፣ መብራት፣ ሥራ። ከዚያ "ነገ ጠዋት ሲነሱ ቢያጡት የሚያስከፋዎት ነገር ምንድን ነው?" አልናቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ተነሡና የጓሮውን በር ከፈቱልን። ከአጥሩ ሥር የምታልፍ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ የእግር መንገድ አለች። "በዚህ ነው የሚመጡልኝ" አሉ። ሲታመሙ የሚጠይቋቸው ጎረቤቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የልጅ ልጆቻቸው፣ ሁሉም በዚያች መንገድ ነው የሚደርሱላቸው። እኛ በያዝነው ፕላን ላይ መንገዷ የለችም። አዲሱ አጥር የሚያልፈው ደግሞ በትክክል በእሷ ላይ ነበር። መጠይቃችን ውስጥ ያለ አንድም የምርጫ ሳጥን ያንን አይይዝም።

እንዲህ ያለ መልስ ሲመጣ ሰውየው በተናገረበት ቃል ጻፉት። በእናንተ ቋንቋ አሳጥራችሁ "የመንገድ ችግር" ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ።

ሌሎቹ ነገሮች ቶሎ ያልፋሉ። በአንድ ጥያቄ ሁለት ነገር አትጠይቁ፤ "በደኅንነቱና በንጽሕናው ረክተዋል?" የሚል ጥያቄ ትክክለኛ መልስ የለውም። "አላውቅም" የሚል ምርጫ አስቀምጡ። ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት መጠይቁን በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ሞክሩና ያልገባቸውን ጥያቄ ቀይሩ።

ምሥጢርን ግን በቀላሉ አትዩ። በትልቅ ከተማ የመላሹን ስም አለመጻፍ ሊበቃ ይችላል። በትንሽ ከተማ አይበቃም። "ከ60 ዓመት በላይ የሆነች፣ በፋርማሲ የምትሠራ ሴት" ካላችሁ ማን እንደሆነች ከተማው በሙሉ ያውቃል። እሷም ነገ ከከንቲባው ጋር መንገድ ላይ ትገናኛለች። በሰንጠረዥ ውስጥ ከ5 ሰው በታች የያዘ ምድብ ካለ ከሌላ ጋር አዋህዱት። የሰው ንግግር ስትጠቅሱ ተናጋሪውን የሚያስለይ ነገር አውጡለት። ሰውየው አምኖ የተናገረው ቃል ጠላት ቢያፈራበት ጥፋቱ የእናንተ ነው።

ከዚያ ተመለሱ። ውጤቱ በአሠሪዎቻችሁ ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጡ በፊት ለከተማው ሰው ይነገር ብላችሁ ተሟገቱ። ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ በአንድ ገጽ ለጥፉት፣ ማንበብ ለማይችለው አንብቡለት። ብዙኃኑ ያለውን ብቻ ሳይሆን ጥቂቶቹ ያሉትንም አስገቡ። የማይሠራውን ከነምክንያቱ ተናገሩ። ስታነቡላቸው ያርሟችኋል፤ ቁጥሩ ለምን እንዲያ እንደሆነ ከእናንተ በተሻለ ያስረዷችኋል። የጥናቱ ምርጥ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ቀን ነው።

ለመመለሻው ቀን የሚያስፈልገውን ወጪ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ አስገቡ። ገንዘብ አይበቃም ካሏችሁ ናሙናውን አትንኩ፤ ከጥያቄዎቹ ቀንሱ። 60 ጥያቄ ካለ ወደ 25 አውርዱትና በተረፈው ተመልሳችሁ ሂዱ።